ሰርጓጅ መርከቡ ቀይ ባሕር የገባ ሰሞን

ወንድሜ በውጭ አገር የንግድ መርከብ ላይ የሞተር ክፍል መሐንዲስ ነው። እኔ ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ቤቴም ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። አባታችን ኮምቦልቻ ብቻቸውን ይኖራሉ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ወደ እኔ እንዲመጡ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው፤ የደሴ ብርድ ጉልበቴን ይይዘኛል እያሉ እምቢ አሉኝ።

ያን ሰሞን ወንድሜ ከሕንድ ጭነት ይዘው ወደ ስዊዝ ቦይ እንደሚሄዱ፣ ሐሙስ ግድም ባብ ኤል መንደብን እንደሚያልፉ፣ ዓርብ ማታ እንደሚደውል ጻፈልኝ። በዚያ መስመር የንግድ መርከቦች በሚሳይልና በድሮን መመታት ከጀመሩ ቆይቷል። ለአባቴ ቀይ ባሕር እንዳልላቸው፣ ሞምባሳ ነው የሄደው እንድላቸው አደራ አለኝ። እሺ አልኩ።

ስልኬ ላይ መርከቦች የት እንደደረሱ የሚያሳይ መተግበሪያ አለ። የእሱ መርከብ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ቀስት ናት። ረቡዕ ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት ሳያት ነበረች፤ በዕረፍት ሰዓት ስመለስ የለችም። አደገኛ ቦታ ሲደርሱ ምልክት የሚሰጠውን መሣሪያ እንደሚያጠፉት ከዚህ በፊት ነግሮኛል። ቢሆንም መተግበሪያውን እየዘጋሁ ደጋግሜ ከፈትኩት። መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ ዜና ሳገላብጥ ፎቶግራፉን አየሁት። ከኃያላኑ አገሮች የአንዱ፣ በኑክሌር ኃይል የሚንቀሳቀስ ሰርጓጅ መርከብ፣ ጥቁር ጀርባው ከውሃው በላይ ወጥቶ የስዊዝን ቦይ ሲያቋርጥ ያሳያል። እዚያ ያለውን የጦር መርከብ ጓድ ሊቀላቀል ነው ይላል። ወንድሜ ከደቡብ፣ እሱ ከሰሜን ወደ አንድ ባሕር እየገቡ ነበር።

እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። በየዓመቱ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ እሥለዋለሁ፤ የዩራኒየም አቶም ሲሰነጠቅ ሙቀት ይወጣል፣ ሙቀቱ ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። ሪአክተሩ አየር ስለማይፈልግ መርከቡ ለወራት ሳይወጣ ይቆያል። የሚጠጣውን ውሃም ሆነ የሚተነፈሰውን አየር ከባሕሩ ያወጣል፤ መጀመሪያ የሚያልቅበት ምግብ ነው። ይህን ሁሉ ፈተና ላይ አወጣዋለሁ። እዚያ ባሕር ውስጥ ምን ሊሠራ እንደመጣ ግን አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት ክፍል ስላልነበረኝ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሐሳቤ፣ ዜናውን እንዳይሰሙ፣ ድምፁ ተበላሽቷል፣ ላሠራው ብዬ የአባቴን ሬዲዮ ይዤ መመለስ ነበር።

አባቴ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ ባሕረኛ ወታደር ነበሩ። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን በስንት መከራ ወሎ ገብተው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድ መጋዘን ውስጥ ሠሩ። ስለ ባሕር ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ወንድሜ እኔም ባሕረኛ ልሁን ያለ ጊዜ ሦስት ቀን አላናገሩትም፤ በአራተኛው ቀን ዱዓ አድርገው ሸኙት።

ስደርስ ግቢው ውስጥ ዘይቱኑ ሥር ተቀምጠዋል። ስለ ሬዲዮው መናገር ስጀምር አቋረጡኝ። ሬዲዮው ደህና መሆኑን፣ ልጃቸውም ሞምባሳ እንዳልሄደ ነገሩኝ። ጭነቱ ለአውሮፓ መሆኑን ባለፈው ወር ራሱ አምልጦት ነግሯቸው ኖሯል። ስለ ሰርጓጁም በሬዲዮ ሰምተው ኖሮ ፎቶውን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ስልኩን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት።

«ማነው ፎቶውን ያወጣው?»

«ራሳቸው ናቸው፣ አባ።»

«እንግዲያው እንዲታይላቸው ፈልገዋል» አሉ።

የሰርጓጅ መርከብ ሥራው መደበቅ ነው፤ ባለቤቶቹ የት እንዳለ ትንፍሽ አይሉም አሉኝ። ፎቶውን ካወጡ፣ ከባሕሩ ዳርቻ የሚተኩሱት ሰዎች እንዲፈሩ ብለው ነው። አንዴ ከታየ በኋላ ይሰምጣል፤ ከዚያ ወዲያ ተመልሶ ቢሄድ እንኳ እንዳለ ይቆጠራል። በእሳቸው ዘመን በናፍጣ የሚሄዱት ባትሪ ለመሙላት ወደ ላይ ስለሚጠጉ ሊደረስባቸው ይችል ነበር፤ ይኼኛው ግን አይወጣም። አውሮፕላን የሚሸከመው ትልቁ መርከብ በአጃቢዎች ተከቦ ሲጓዝ፣ እሱ ከታች ቀድሞ እየሄደ የሌላ ሰርጓጅ ድምፅ ያዳምጣል። ሲታዘዝም ከውሃ ውስጥ ሆኖ ሩቅ የብስ ላይ ያለን ነገር በሚሳይል ይመታል።

ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው።

«የኔ ሥራ መስማት ነበር» አሉ።

በአንዲት ትንሽ የጦር መርከብ ላይ፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ከባሕሩ ሥር የሚመጣውን ድምፅ ይለዩ ነበር። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ከዳህላክ ደሴቶች ማዶ፣ የማያውቁት ድምፅ መጣባቸው። የሞተር ምት የለውም፤ የማያቋርጥ ቀጭን ፉጨት ብቻ ነው። ከሩቅ መጣ፣ ከመርከባቸው ሥር ገባ፣ በሌላው ጎን ወጣ። ለአለቃቸው ተናገሩ። አለቃው ሰዓቱን መዝገብ ላይ ጻፈና ወጣ። የማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አያውቁም።

«ጠላት ቢሆን አልቀን ነበር» አሉ። «ወዳጅም ቢሆን ከቁም ነገር የቆጠረን አይመስለኝም።»

እኔ ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ታዲያ የሰርጓጁ መምጣት ለወንድሜ ይበጀዋል ወይስ ይጎዳዋል?»

«ወላሂ አላውቅም፣ ልጄ።»

ሰርጓጁ የንግድ መርከብ አይነካም አሉ። የሚተኩሱትን ሰዎች ቢመታቸው ግን፣ ወይ ፈርተው ያቆማሉ፣ ወይ ተናደው ያገኙትን መርከብ ይመታሉ። የትኛው እንደሚሆን ያዘዙትም አያውቁትም። ከጭንቀት ልጠብቃቸው መጥቼ እሳቸው «አብሽሪ» እያሉ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኙኝ።

ዓርብ ወንድሜ አልደወለም። የዚያን ቀን የአቶም መሰንጠቅን ሳስተምር አንዲት ተማሪ፣ ሰርጓጁ ቢመታ እንደ ቦምብ ይፈነዳል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንደማይፈነዳ መለስኩላት፤ ለምን እንደማይፈነዳ ማስረዳት ጀምሬ መሃል ላይ ጠፋብኝ። ቅዳሜ ቀስቷም የለች፣ ስልክም የለ። ማታ ግድም አንድ የንግድ መርከብ እንደተመታ ተነገረ፤ ስሙን አልጠቀሱም። ለአባቴ ስደውል ሰምተውታል። 

እሑድ ጠዋት የግቢዬ በር ተንኳኳ። አባቴ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ሳይነግሩኝ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥተዋል። ብቻዬን መጠበቅ አልቻልኩም አሉኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ መሃላችን አስቀምጠን ተቀመጥን። ቁርስ አቀረብኩ፤ አልነኩትም። ያ የኑክሌር እሳት ድምፅ አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

እሳቱ ድምፅ የለውም አልኳቸው። ነገር ግን ሪአክተሩ በጣም ስለሚሞቅ ውሃ ያለማቋረጥ መዞር አለበት፤ ውሃውን የሚያዞሩት ፓምፖች ደግሞ መርከቡ ቆሞ እንኳ መሥራት አይተዉም። የፓምፕና የተርባይን ድምፅ ቀጭን ነው።

«ፓምፕ» አሉ አባቴ። «ስንት ዓመት ሙሉ ምን ይሆን እያልኩ።»

ስልኩ የጮኸው ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ወንድሜ ነበር። ደህና አልፈዋል። ካፒቴኑ የመርከቡን ኢንተርኔት ጭምር አስዘግቶት ስለነበር መደወል አልቻለም። የተመታው መርከብ ከእነሱ በግማሽ ቀን ወደ ኋላ የቀረ ነው፤ ሠራተኞቹ ምን እንደሆኑ እሱም ገና አልሰማም። ሲያልፉ ከሞተር ክፍል ስላልወጣ የጦር መርከብም ሰርጓጅም አላየም። ሰርጓጅ መኖሩን የሰማው ራሱ ከእኔ ነው። አባቴ ስልኩን ተቀበሉኝ።

«ታች ስትሆን ምን ሰማህ?»

«የሞተር ድምፅ ነዋ፣ አባ። እዚያ ሌላ ምን ይሰማል?»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ስልኩን መለሱልኝና ለሶላት ዉዱእ ሊያደርጉ ወጡ። ቆመው ሲሄዱ ግድግዳውን ይደገፉ ነበር። እኔ ከወንድሜ ጋር ማውራት ስቀጥል አለቀስኩ፤ እሱ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ሄሎ ሄሎ ይላል።

አባቴ ከእኔ ጋር አሥር ቀን ቆዩ። ወንድሜ ከወራት በኋላ ውሉን ጨርሶ ሲገባ አባቴ ከሁሉ አስቀድመው ለብቻዬ ጠርተው፣ ያን የዳህላኩን ነገር እንዳልነግረው ለመኑኝ። ወደዚያው ባሕር መመለሱ ካልቀረ፣ ከሥሩ ምን እያለፈ ይሆን እያለ እንዲሠራ አልፈለጉም። እስካሁን አልነገርኩትም።