ብዥ ያለ ጭልፊት

ካሜራ የገዛሁት ወፍ ስለምወድ አይደለም። ወፍ እወዳለሁ፤ ግን ለወፍ ፍቅር ብሎ ዕቁቡን በሙሉ አንድ ዕቃ ላይ የሚያፈስ መምህር መካነ ሰላም ውስጥ አላውቅም። እኔ የገዛሁት አንድ ሰው ለማዋረድ ነው። ይህን በግልጽ ካልጻፍኩ ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ሰውየው የትምህርት ቤታችን አንጋፋ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። የከተማውን ሠራተኛ ግማሹን አስተምረዋል፤ ርዕሰ መምህሩም የእሳቸው ተማሪ ነበር። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። የተፈጥሮ ክበቡን የሚመሩትም እሳቸው ነበሩ። እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ክበቡ ውስጥ የገባሁት ቅዳሜ ቅዳሜ በገደሉ አፋፍ በእግር መሄድ ስለምወድ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ከብት በሚታረድበት ቦታ ሳልፍ ከላዬ ትልቅ አሞራ አለፈ። ክንፉ ሰፊ፣ ሆዱ ወደ ወርቅማ የሚያደላ፣ ከአፉ ሥር ጥቁር ጢም የተንጠለጠለ። አጥንት ይዞ ወደ ላይ ወጥቶ ዐለት ላይ ጥሎ የሚሰብረው ጢማሙ አሞራ ነው። ከከተማው ይህን ያህል ቀርቦ ያየው ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስልኬን ከቦርሳዬ እስካወጣ በገደሉ በኩል ዞሮ ተሰወረ። ወዲያው ከዚያው አቅጣጫ ብቅ ሲል አነጣጥሬ ሦስት አራት ጊዜ ተጫንኩ። አንዱን ፎቶ ቤት ወስጄ በትልቁ አሳተምኩና ሰኞ በሻይ ሰዓት የመምህራን ማረፊያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

ጋሼ አነሡት። እጃቸውን ዘርግተው አራቁት፤ መልሰው እስከ አፍንጫቸው አቀረቡት።

«ይሄ ጭልፊት ነው» አሉ። «እሱም ብዥ ያለ ጭልፊት።»

«ጢሙን አላዩትም ጋሼ?» አልኩ።

«ጢም ያለው እኔ ጋ ነው፣ ልጄ» ብለው አገጫቸውን አሻሹ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የስፖርት መምህሩ ሻዩ ትን አለው።

ሳቁ ያን ቀን ቢያልቅ ምንም አልነበረም። ከሳምንት በኋላ አሥረኛ ክፍል ገብቼ ፊቴን ወደ ሰሌዳው ሳዞር ከኋላ አንድ ድምፅ «ብዥታ» አለ። ስሜ በዚያው ቀረ። ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ከጀርባዬ «ቲቸር ብዥታ» ይባላል። ከወረኢሉ ተዛውራ የመጣች መምህርት እንኳ እናቴ ያወጣችልኝን ስም ሳታውቅ ይህኛውን ሰምታ ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ፎቶውን ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ሳየው አንዳንድ ቀን ጢሙ ይታየኛል፣ አንዳንድ ቀን አይታየኝም። የገዛ ዓይኔን እንድጠራጠር ያደረገኝን ሰው ይቅር ማለት ከባድ ነው። እኔ አልሞከርኩትም።

በቂም የተማርኩትን ያህል በዩኒቨርሲቲ አልተማርኩም። ኔትወርክ በኖረ ቁጥር ስለ ካሜራ ቪዲዮ አወርዳለሁ፤ ሲጠፋ ያወረድኩትን ደጋግሜ አያለሁ። መጀመሪያ የገባኝ ማቅረብና ማጥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር አሞራውን ያቀርበዋል እንጂ ላባውን አይለይልህም። ዲጂታል ዙም የሚሉት ደግሞ ምንም ሳያቀርብ ያለውን ብዥታ ያገዝፈዋል፤ ስልኬ የሠራኝ ሥራ ይህ ነው። ሌንሱ ራሱ እየተሳበ የሚያቀርበው ይሻላል፤ እሱም ቢሆን እስከ ጥግ ሲሳብ ብርሃን ያንሰዋል፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ረፋዱ ካለፈ ደግሞ ከገደሉ የሚነሣው ሙቀት አየሩን ያርገበግበዋል፤ ያኔ የዓለም ምርጥ ካሜራ ቢኖርህም ወደ ቤትህ ግባ። ሌንሳቸው የሚቀያየረው ትልልቆቹ ካሜራዎች የተሻሉ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ከቂሜ በላይ ሆነብኝ። ስለዚህ ሱፐርዙም የሚባለውን፣ አንድ ሌንስ ከቅርብ እስከ ሩቅ የሚሠራበትን፣ ለመግዛት ቆረጥኩ። በፀሐይ ስክሪኑ ስለማይታይ ዓይን የሚያስጠጉበት መመልከቻ ይኑረው፤ ሌንሱ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ይሁን፤ የሚበር ነገር ላይ ቶሎ ያነጣጥር። ይህን ሁሉ ደብተሬ ላይ ስጽፍ ጋሼ ሻያቸውን ይዘው ሲስቁ ይታየኝ ነበር።

ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ሳምንት በአቀስታ በኩል ደሴ ሄድኩ። ባለሱቁ ፊቴን ዐይቶ ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን አወረደልኝ።

«አብሽሪ እህቴ፣ ይሄ ጨረቃን ደጅሽ ያወርድልሻል» አለኝ።

«ከጨረቃ ጋር ጠብ የለኝም» አልኩት። «እሱንም፣ ያኛውን ቁጥሩ አነስ ያለውንም ይዘህ ውጣ።»

እያጉረመረመ ወጣ። ከመንገዱ ማዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ጫፍ ላይ እርግብ ተቀምጣ ነበር። ያቺኑ እርግብ በሁለቱም አነሣኋትና ተመልሰን ኮምፒውተሩ ላይ አየናት። በትልቁ ያነሣኋት እርግብ ስክሪኑን ሞልታዋለች፤ አንገቷ ግን በብሩሽ የተቀባ ይመስላል። በሌላው ትንሽ ናት፤ ግን ላባዋ አንድ በአንድ ይለያል፣ ጣቷ ላይ የተጠመጠመው ክር ሳይቀር ይታያል።

«ይሄኛው ይሁንልኝ» አልኩ።

«ኧረ ወላሂ፣ ሰው ሁሉ ቁጥሩ ትልቁን ነው የሚፈልገው።»

«እኔ ቁጥሩን አላሳያቸውም» አልኩት። ማንን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑዴ ገደሉ አፋፍ ላይ አለቀ። ጋቢ ደርቤ፣ ክርኔን ድንጋይ ላይ አስደግፌ፣ ካሜራውን እስከ ጥግ ሳልስብ ትንሽ አስቀርቼ እጠብቃለሁ። ብዙ ቁራ አነሣሁ። ብዙ ባዶ ሰማይም አነሣሁ። በብርድ ጣቴ ሲደነዝዝ የሚያሞቀኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ ጋሼ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፋቸው ሲያያዝ።

አንድ እሑድ፣ ፀሐይዋ ገና ማዶ ያለውን ዐለት ስትነካው፣ አሞራው ከሥሬ ከገደሉ ወጣና በዓይኔ ትክክል አለፈ። ጣቴን ሳላነሣ ይዤ ቆየሁ። ከተነሡት ሃያ ፎቶዎች አንዱ ላይ ሁሉም ነገር ነበር። ጢሙ በየዘለላው፣ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ቀይ ቀለበት፣ እንደ ሽብልቅ የሾለው ጅራቱ።

«አገኘሁዎት» አልኩ። ለአሞራው አልነበረም።

ፎቶ ቤት ስሄድ አሮጌውንም አዲሱንም እንዲያትምልኝ ነበር ያሰብኩት። ጎን ለጎን ላደርጋቸውና፣ ያን ጊዜም እውነቴን እንደነበር ሁሉም እንዲያይ። ባለፎቶ ቤቱ አሮጌውን በትልቁ ስክሪን ከፈተው። ስንት ወር ሙሉ አሞራ ብቻ ሳይ ከርሜያለሁ፤ ዓይኔ ሌላ ዓይን ሆኗል። ጅራቱ እንደ መቀስ የተሰነጠቀ ነበር። ጢም ያልኩት በአፉ ሥር ያረፈ ጥላ ነው። ያየሁት አሞራ ገደሉን ዞሮ ሄዷል፤ ተመልሶ መጣ ብዬ ያነሣሁት ሌላ ነው።

«ይሄኛው ጭልፊት አይደል?» አለኝ ባለፎቶ ቤቱ። «ትንሽም ብዥ ብሏል።»

«ዝጋው» አልኩት። «አዲሱን ብቻ አትም።»

እዚያ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር። ግን ያን ስም እኔ ነኝ የተሸከምኩት፣ ጭልፊቱ አይደለም። እንዲህ እያልኩ ነው ወደ ትምህርት ቤት የሄድኩት።

ሰኞ በሻይ ሰዓት፣ ክፍሉ ሞልቶ፣ ፎቶውን ጋሼ ፊት አኖርኩት። አነሡት። እጃቸውን ዘርግተው አራቁት፤ እስከ አፍንጫቸው አቀረቡት።

«ይሄም ብዥ ብሏል» አሉ።

ማንም አልሳቀም።

«ኧረ ጋሼ፣ ጢሙ እኮ ይቆጠራል» አለ የስፖርት መምህሩ፣ ቀስ ብሎ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ፎቶውን የያዙት ዘቅዝቀው ነው። የአሞራው ሆድ ወደ ሰማይ ነበር። ከእጃቸው በቀስታ ተቀብዬ ማስተካከል እችል ነበር፤ ግማሹ ሰው ልብ አላለም።

«ጋሼ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እስቲ ጭንቅላቱን በጣትዎ ያሳዩን።»

ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ዞረ፣ ዞረና ጅራቱ ላይ አረፈ።

አንድ ሰው ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ተሰማ። ለካ ጠዋት ጠዋት ልጃቸው እስከ በሩ የምታደርሳቸው፣ ክፍል ውስጥም ተማሪ አስነሥተው መጽሐፉን የሚያስነብቡት፣ ሰሌዳ ላይ መጻፍ የተዉት ለዚህ ነው። ያን ሰዓት አዘንኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አላዘንኩም። ደስ አለኝ፤ ደስታው ሆዴ ድረስ ሞቀኝ።

ጋሼ ፎቶውን ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

«ከዓይኔ ነው ማለት ነው» አሉ። «ሐኪሙ ቆይቷል ከነገረኝ። በርትቶ ጡረታዬ ድረስ ያደርሰኛል ብዬ ደበቅኳችሁ።» ከዚያ ፊታቸውን ድምፄ ወደ መጣበት መለሱ። «ልጄ፣ ያኛውስ? የመጀመሪያውም እንዲህ ጥርት ያለ ነበር?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አሮጌውን ፎቶ የሚያስታውስ አልነበረም፤ የሚያስታውሱት ሳቁን ነው።

«ጥርት ያለ ነበር ጋሼ» አልኩ።

«ጢሙም ይታይ ነበር?»

«ይታይ ነበር።»

ተነሡ። ወንበሩን እየዳሰሱ መጥተው ትከሻዬን ሲያገኙት ጎንበስ አሉ።

«አፉ በይኝ። በማያይ ዓይን ፈርጄ ስምሽን አጠፋሁት።»

«አፉ ብያለሁ ጋሼ» አልኩ። አንደበቴ አልተያዘም።

በዚያ አልበቃቸውም። ስሙን ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ፣ የምፍቀውም እኔ ነኝ ብለው እንቢ አሉ። ፎቶውን ያዢ አሉኝ፤ የግቢው ድንጋይ እንዳያደናቅፋቸው ክንዳቸውን ይዤ አሥረኛ ክፍል ገባን። ተማሪው ብድግ አለ።

«ተቀመጡ» አሉ። «ልጆች፣ የመምህርታችሁ ፎቶ ጥርት ያለ ነበር። ብዥታው የእኔ ዓይን ነው። ከእንግዲህ በዚያ ስም የሚጠራት ካለ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

እኔ አዲሱን ፎቶ ደረቴ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ። ልጆቹ ጢሙን እያዩ አጨበጨቡ። አሮጌውን አይቶ የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

ስንወጣ ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። በረንዳው ላይ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። ጭልፊት ነበር ጋሼ፣ ልክ ነበሩ ለማለት ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

«ይበቃል፣ ደክሞዎታል» አልኳቸው።

«አይበቃም ልጄ፤ የሰው ስም ነው» አሉ። «ስንት ክፍል ቀረን?»

«ሦስት» አልኩ። ክንዳቸውን ያዝኩና ወደ ቀጣዩ መራኋቸው።