የዳፑ ግማሽ ቂጣ

በሕንድ አገር፣ በራጃስታን አሸዋ ዳር ባለችው፣ ነፍስ ያለውን ሁሉ ላለመጉዳት በምንጠነቀቀው በእኛ በጃይኖች መንደር፣ እንደ ዳፑ መስጠት የሚወድ፣ እንደ ዳፑም መስጠት የማይሳካለት ሰው አላውቅም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። የቤተ መቅደሱን ደጅ ትጠርጋለች፣ ለወፎች እህል ትበትናለች፣ ስትስቅ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የዝናቡን ወራት እኛ ዘንድ የሚያሳልፉት እማሆዮች አንድ ቀን ከእጇ ምግብ እንዲቀበሏት።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። እማሆዮቹ ግን ለእነሱ ተብሎ የተጋገረ አይቀበሉም፤ ለቤተሰቡ ከተሰናዳው ላይ ጥቂት ይወስዳሉ እንጂ። ውሃ ውስጥም ሕይወት አለና፣ እጁን ባልፈላ ውሃ ካረጠበ ሰው አይወስዱም።

አምና ደጇ ሲደርሱ ዳፑ በደስታ ተስፈንጥራ ተነሣችና እጇን ታጥባ ቀረበች። ውሃው ከጣቶቿ ይንጠባጠብ ነበር። ምንም ሳይቀበሉ ሄዱ። ዘንድሮ ደግሞ ቂጣ ከምራ ጠበቀቻቸው።

«ስንት ሆናችሁ ነው የምትኖሩት?» አሏት ትልቋ እማሆይ።

ዳፑ መዋሸት አታውቅም። «እኔ ብቻ ነኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ትጨርሺዋለሽ?»

«እሞክራለሁ፣ እማሆይ።»

እማሆይ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወጡ። ቂጣውን ጎረቤት ሁሉ ተካፍለን በላነው።

ዝናቡ አበቃ። እማሆዮቹ በማግስቱ በእግራቸው ወደ ሌላ አገር ሊሄዱ ነው። ያን ዕለት ረፋድ ላይ ዳፑን ከደጄ ሆኜ አየኋት።

«ዛሬስ አትጠብቂያቸውም?» አልኳት።

«በቃኝ፣ ሱገን። ለእኔ አላለውም።»

«አኮረፍሽ እንዴ?»

«በማን ላይ? ርቦኛል፣ ልብላ!»

አንድ ቂጣና ትንሽ የማሾ ወጥ አቅርባ፣ በሩን እንደተከፈተ ትታ ተቀመጠች። ወዲያው እማሆዮቹ ከመንገዱ ታጥፈው ወደ እሷ ሲገቡ አየሁ። ዳፑ ብድግ አለች፤ እጇም እንደ ልማዷ ወደ እንስራው ሄደ።

«ዳፑ! ውሃውን እንዳትነኪ!» ብዬ ጮህኩ።

እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ለማን ነው የጋገርሽው?» አሏት ትልቋ እማሆይ።

«ለሆዴ ነው፣ እማሆይ። ገና አልቀመስኩትም።»

አሁን እማሆይ ሳቃቸውን አልደበቁም። የእንጨት ሳህናቸውን ዘረጉላት። ሙሉውን ልታኖር ስትል ግን ሳህኑን በእጃቸው ከለሉት።

«ግማሹ ይበቃል።»

«ኧረ ሙሉውን ይውሰዱልኝ!»

«አንቺስ ምን ልትበዪ ነው?»

ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ሰጠቻቸው።

በእኛ ዘንድ ለእማሆዮች የሰጠ ሰው በሰጠው ፈንታ መልሶ አይጋግርም፤ ባለው ይብቃቃል። ፀሐይ ከጠለቀች ደግሞ እህል አንቀምስም። ከሰዓት በኋላ አሳዘነችኝና ከእኔ ቤት ቂጣ ይዤላት ሄድኩ።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ብዪ፣ አንቺ ሴትዮ! ግማሽ ቂጣ ምን ሊሆንሽ ነው?»

«ወዲያ ውሰጂልኝ! ይሄን ረሃብ ስንት ዓመት ስመኘው ኖሬ፣ ዛሬ ልትቀሚኝ ነው?»

ቂጣዬን ጭኔ ላይ አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ በመስጠቷ፣ እኔ የሰጠሁ ያህል ደስ አለኝ።