በካሳሁን ስም የገባው ሰው

ካሳሁን ክፉ ሰው አልነበረም። ሰበታ ውስጥ የሚያውቁት ሁሉ ይህን ይመሰክሩለታል፤ ጎረቤት ሲታመም ቀድሞ የሚደርስ፣ የዕድር ድንኳን ሲተከል ካስማ የሚመታ፣ ከሰው ተጣላ ተብሎ የማይታወቅ። ችግሩም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ያደረገውን አድርጎ ለጥ ብሎ ይተኛ ነበር።

ከወሎ መጥቶ በአንድ የፕላስቲክ ጫማ ፋብሪካ ፕሬስ ማሽን ላይ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ሠራተኞቹ በመካከላቸው ያበጁት አንድ ልማድ ነበር። ኦርቶዶክሶቹ በዓል ሲሆንባቸው፣ ከደቡብ የመጡት ጴንጤዎች በእነሱ ስም ፈርመው ይገቡላቸዋል፤ እሑድ ደግሞ ኦርቶዶክሶቹ ከቅዳሴ መልስ የጴንጤዎቹን ተራ ይሸፍናሉ። አለቆቹ አያውቁም፣ ወይም እንዳላወቁ ይሆናሉ። ሠራተኞቹ በዚህ ይኮሩ ነበር፤ ደግሞም ቢኮሩ አይፈረድባቸውም። ብቻ በሰው ስም የገባ ሰው ቢጎዳስ ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም።

በ2008 ዓ.ም. የሐምሌ ገብርኤል ዕለት በካሳሁን ስም የፈረመው ዳና ነበር። ዳና የወላይታ ልጅ ነው፤ ሥራ ላይ መዝሙር የሚያንጎራጉር፣ እምቢ ማለት የማያውቅበት ወጣት። የራሱ ፈረቃ የማታው ነበር። ካሳሁን በዋዜማው፣ "ልጄ ቤተልሄም ታማብኛለች፤ ለገብርኤል ስለት አለብኝ" አለው።

"ሂድ እንጂ ካሴ! እኔም እጸልይላታለሁ" አለ ዳና።

ቤተልሄም አልታመመችም ነበር። ካሳሁን የሄደው ሱሉልታ ነው፤ ከደላላ ጋር ቦታ ሊያይ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ቀርቷል ቢባልም ያስነሳው ግርግር አልበረደም፤ አሁን ነው በርካሽ የሚገኘው ብለው ደላሎች ልቡን አንጠልጥለውት ነበር። ልማዱ ደግሞ ለአምልኮ እንጂ ለቦታ ግዢ አልነበረም። ስለዚህ ዋሸ፤ ያውም በልጁ።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ካሳሁን ሱሉልታ ላይ የድንበር ድንጋይ በእግሩ ነካ ነካ እያደረገ ሳለ፣ ሰበታ ላይ ፕሬሱ የዳናን ቀኝ እጅ አራት ጣቶች ወሰደ።

በማግስቱ ካሳሁን አስተዳደር ቢሮ ተጠራ። የፊርማው መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ካሳሁን ገብቷል ይላል፤ ዳና ግን የለበትም።

"ማሽኑ ያንተ፣ ፊርማው ያንተ። እሱ እዚያ ምን ያደርግ ነበር?" አለ ኃላፊው።

ካሳሁን እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው። "ሽንት ቤት ሄጄ ነበር። ስመለስ ነው ያየሁት። ራሱ መጥቶ ነክቶት ይሆናል።"

በዚህች ቃል የተነሳ ፋብሪካው ጉዳቱ በሥራ ምክንያት የደረሰ አይደለም፣ ካሳ አይገባውም አለ። የፈረቃው ሰዎች እውነቱን ያውቃሉ፤ ነገር ግን ሁሉም በሰው ስም ሲገቡ የኖሩ ስለሆኑ አፋቸውን ያዙ። ዳና ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አመለከተ፤ ነገሩ ሲጓተትበት ከሰፈር ጠፋ። ካሳሁን ደግሞ ሰበብ አላጣም፤ "መዝገቡ እንዲህ እያለ እኔ ምን ልበል?" እያለ ራሱን ያባብል ነበር።

በ2009 መስከረም መጨረሻ ላይ ሁከቱ ሰበታ ደረሰና ፋብሪካው ነደደ። ካሳሁን በማግስቱ ሄዶ አየው። የቀለጠው ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ የማሸጊያ ክፍል ሴቶች "እንጀራችን ተቃጠለ" እያሉ ያለቅሳሉ። እሱ ግን ቢሮው አመድ መሆኑን ሲያይ፣ ይቅር ይበለውና፣ ልቡ ቅልል አለው። መዝገቡ የለም!

ዘበኛው ኦቦ ኢቲቻ ፋብሪካ በሌለበት በር ላይ ቆመው ነበር።

"አካም ጂርታ፣ ካሳሁን?"

"ፈያ ነኝ ኦቦ። አንቱስ ደህና ነዎት?"

"ምን ደህና አለ። መዝገቡም ነደደ።" ዓይን ዓይኑን አዩት። "የገብርኤል ዕለት አንተ በዚህ በር አልገባህም። መዝገብ እያለ ዘበኛን ማን ይሰማል ብዬ ዝም አልኩ። የኔም ኃጢአት ነው። አሁንስ አንተ ምን ልትል ነው?"

 የካሳሁን ሰበብ ከመዝገቡ ጋር ነድዷል። ቢሆንም ሥራ ልፈልግ፣ አገሩ ይረጋጋ እያለ ሦስት ወር ጨመረበት።

ጥር ላይ ጤፍ ሊገዛ ተጂ ሄደ። አንድ እህል ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ወጣት የጆንያ አፍ ያስራል፤ ገመዱን በግራ እጁና በጥርሱ ይዞ። ቀና ሲል ዳና ነው።

"ካሴ!" ብሎ መጣና፣ እጁ የቆሸሸበት ሰው እንደሚያደርገው ክንዱን ዘረጋለት። ካሳሁን ክንዱን ጨብጦ የሚወርድበትን ስድብ ጠበቀ።

"ልጅህ ዳነች?" አለ ዳና።

"ዳነች" አለ ካሳሁን።

"ጌታ ይባረክ! እስከ ዛሬ እጸልይላታለሁ እኮ።"

ካሳሁን ጤፉን ሳይገዛ ተመለሰ።

ሰኞ ጠዋት ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ገባ። ኤልሳቤት የምትባል ወጣት ባለሙያ የዳናን ፋይል አውጥታ የሚለውን ጻፈች። ሽንት ቤት አልሄደም፤ ጭራሽ ፋብሪካውም ውስጥ አልነበረም። ዳና በእሱ ስም፣ በእሱ ልመና ነው የገባው።

ኤልሳቤት ጽፋ ስትጨርስ ወደ ኋላ ገለጥ ገለጥ አደረገች።

"ያኔ አመልካቹን 'ካሳሁን ዋሽቶብኛል ትላለህ ወይ?' ብለነው ነበር። መልሱን ላንብብልዎት፦ 'የታመመች ልጅ አለችው። እኔን ብሎ ከሥራ ቢወጣ በምን ያሳክማታል? ዋሸ አልልም።'"

ካሳሁን የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ኤልሳቤትን አሳዘናት።

"አይዞዎት። ቃልዎን ከሰጡ ጉዳዩ እንደገና ይታያል። ያን ዕለት የቀሩበትን ምክንያት፣ በልጅዎ ሕመም ብዬ ልጻፈው አይደል?"

እስክሪብቶዋ ወረቀቱን ነክቷል። ዝም ቢል ይበቃው ነበር።

"ልጄ ደህና ነበረች" አለ ካሳሁን። "ሱሉልታ መሬት ሳይ ነበርኩ። እሱንም ጻፊው፣ እህቴ። ለዳና ስታነቢለት ደግሞ ይህችን እንዳታልፊያት።"