በግራ በኩል ያለው ገደል

ውድድሩ ውስጥ የገባሁት አከራዬ ስለጠየቁኝ ነው። ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ፣ እሳቸው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ኮሌጅ ውስጥ ቅየሳ አስተምራለሁ። እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከገጠር ወደ ከተማ ቡና ሲያመላልሱ የኖሩ ሾፌር ናቸው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የግቢው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«መምህርት፣ በደዶ በኩል ከመንገድ ውጪ የሚነዳበት ውድድር አለ። ከጎን ተቀምጦ ካርታ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል አሉኝ።»

«ልጆችዎስ?»

«አዲስ አበባ ናቸው። ደግሞ ልነዳ ነው ብላቸው አይፈቅዱልኝም።»

ልጆቻቸው ዕድሜያቸውን አስበው ይሆናል የሚከለክሏቸው ብዬ እሺ አልኩ።

በዋዜማው ሲዘንብ አደረ። ጠዋት መኪኖቹ እየተጠሩ አንድ በአንድ ተለቀቁ። ከሁሉም ያረጀችው የአከራዬ፣ የጋሼ፣ ላንድክሩዘር ናት። «ቢስሚላህ» ብለው ተነሡ። ገና ከከተማ ሳንወጣ አንድ ባጃጅ ከግራ ገባብን። ጮህኩ። ፍሬን ረገጡና «አይቼዋለሁ» አሉኝ። ያዩት አልመሰለኝም።

የመጀመሪያው መቆጣጠሪያ ጣቢያ ላይ ሰዓት የሚመዘግበው ሰው በእሳቸው መስኮት በኩል ካርዱን ዘርግቶ ቆመ። ጋሼ ፊት ለፊት እንጂ ወደ እሱ አላዩም። ሰውየው በሩን ሁለት ጊዜ ሲመታው ነው አንገታቸውን ጠምዝዘው ያዩት። ያኔ ጠረጠርኩ፤ ግን አፌን አልከፈትኩም። እስካሁን የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

ከዚያ ዋናውን መንገድ ለቀን በቡና ማሳዎች መሃል ወደ ወንዝ የሚወርድ የጭቃ መንገድ ገባን። በቀኝ ቀይ የአፈር ግድግዳ፣ በግራ ገደል ነው። መኪናዋ ግድግዳውን እየሸሸች ወደ ግራ ወደ ግራ ትላለች። የግራው ስፖኪዮ ከአንድ ግንድ ጋር ተላትሞ ሲረግፍ ዞር ብለው እንኳ አላዩም።

«ጋሼ፣ ያቁሙ።»

አቆሙ።

«የግራ ዓይንዎ ያያል?»

«ከረመዳን ወዲህ አያይም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?»

«አልመጣም ነበር።»

«እኮ።»

ከፍርሃት ይልቅ ንዴት ያዘኝ። እንመለስ እንዳልል መዞሪያ የለም። ከኋላችን ሌላ ተወዳዳሪ ደርሶ ጥሩንባውን ይነፋል። እኔ ከተቀመጥኩበት የግራው ጎማ አይታየኝም፤ እሳቸውም አያዩትም። ወርጄ ከፊት ከፊታቸው ከመሄድ ሌላ መላ አጣሁ።

ፊቴን ወደ መኪናዋ አዙሬ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ እየዋጠኝ፣ የኋሊት እየተራመድኩ በእጄ እመራቸው ጀመር። «ሚርጋ!» እላለሁ፤ ወደ ቀኝ ማለት ነው፤ ኦሮምኛውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ልክ እጄ እንዳለው መሪውን ያዞራሉ። ሃያ ሜትር ያህል እንደወረድን የኋላው የግራ ጎማ የመንገዱን ጠርዝ ናደው። መኪናዋ ዘመም ብላ ቆመች። አፈሩ ቁልቁል ሲንሸራተት ይሰማኛል።

«በቀኝ በር ይውረዱ!»

«አይሆንም። እግሬን ከፍሬኑ ካነሣሁ ትሄዳለች» አሉኝ። ድምፃቸው ላይ ምንም ለውጥ የለም፤ ግንባራቸው ግን ላብ በላብ ሆኗል።

ከኋላ የነበሩት ሁለት ወጣቶች ሮጠው መጡ። አንደኛው ጎማውን አየና ጥሩንባ በመንፋቱ አፍሮ «ይቅርታ፣ አላወቅንም» አለ። መኪናቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው፣ ከፊቷ ላይ የተጠቀለለውን የብረት ገመድ ፈተው የእኛን መኪና ከኋላ አሰሩ። ገመዱ ሲወጠር በቀኙ መስኮት በኩል ወደ ጋሼ ተጠጋሁ።

«ይልቀቁ ስልዎት ፍሬኑን ይለቃሉ። ከዚያ በፊት እንዳይለቁ።»

«አንቺ ስትይ ብቻ» አሉ።

ገመዱ ሲጥጥ አለ። ከወጣቶቹ አንዱ እጁን አነሣልኝ። «ይልቀቁ» አልኩ፤ የራሴ ድምፅ የሌላ ሰው መሰለኝ። ለቀቁ። መኪናዋ ወደ ታች ሸርተት ስትል ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍተው አራቱም ጎማ መንገዱ ላይ ነበር።

ጋሼ ወርደው ዞሩና በእኔ ወንበር ተቀመጡ። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ጭቃ ላይ ግን ነድቼ አላውቅም። «ፍሬን አትንኪ፣ ማርሹ ይያዛት» እያሉ፣ እኔ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ወንዙን ተሻገርን። መጨረሻው ላይ ስንደርስ አዘጋጁ ሾፌር ስለቀየርን ከውድድሩ ውጪ መሆናችንን ነገረን። ሁለቱ ወጣቶችም በእኛ ምክንያት ሰዓት አልፎባቸዋል።

ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው የተሰበረውን ስፖኪዮ አይተው ምን እንደሆንን ጠየቁ። ጋሼ «ጭቃው ነው» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። እኔም አላጋለጥኳቸውም። ሳምንት ሙሉ ሰላምታቸውን በአንገቴ ብቻ ስመልስ ከርሜ፣ በመጨረሻ ግቢው ውስጥ አስቆምኳቸው።

«ለቤተሰብዎ እርስዎ ካልነገሯቸው እኔ እነግራቸዋለሁ። ደግሞ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «መቼ?» ብቻ አሉኝ።

ሐኪሟ ግራው እንደማይመለስ፣ ቀኙን ግን ያዘዘችላቸውን የዓይን ጠብታ ሳያቋርጡ ከተጠቀሙ ማትረፍ እንደሚቻል ነገረቻቸው። ከእሷ ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አግኝተው ተቀመጡ። ስልካቸውን አውጥተው ወደ ትልቁ ልጃቸው እንድደውልላቸው ሰጡኝ። ደውዬ ስልኩን ሰጠኋቸውና ብቻቸውን ልተዋቸው ስነሣ እጄን ያዙኝ።

«ተቀመጪ» አሉኝ። ልጃቸው ስልኩን አነሣ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ደኅንነቱን እንኳ ሳይጠይቁት፣ «ልጄ፣ የግራ ዓይኔ አያይም» አሉት።