ከሐይቅ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነው?

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከሐይቅ የተነሣሁት ለልጄ ለደረጀ ሚስት ልለምን ነው። አባት ለገዛ ልጁ ሽማግሌ አይሆንም ያሉኝ ነበሩ፤ አልሰማኋቸውም። አብረውኝ የሄዱት ጎረቤቴ ሸህ ሰይድ ናቸው።

ልጅቷ አዲስ አበባ ያደገች ናት። ከተጋቡ ግን የሚኖሩት ልጄ በሚያስተምርበት በሐይቅ ነው። ደረጀ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን እንድንሄድ ፈልጎ ነበር። «አባዬ፣ ርቀቱን ከጠየቁህ በአየር አንድ ሰዓት ነው በላቸው። ራቀ ካሉ አይሰጡኝም» አለኝ። የመምህር ደመወዝ ሚስትን በየበዓሉ አውሮፕላን አያሳፍርም፤ እሷ በምትመላለስበት እንሄዳለን አልኩት።

መንገዱ

በሚኒባስ ደሴ ደርሰን አውቶቡስ ያዝን። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ሸህ ሰይድ፣ ልጁን ብንሰማው ለቁርስ አዲስ አበባ ነበርን እያሉ ተረቡኝ። ከሚሴ አካባቢ ወርደን ተፈተሽን። ሸዋ ሮቢት በዚያ ሙቀት ምሳ በላን፤ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ስለማይገናኝ ሽሮ አዘን ከአንድ ትሪ ተቋደስን። ጣርማ በርን ጉም ውጦት ሹፌሩ በመብራት እየዳሰሰ ወጣ። ደብረ ብርሃን ላይ እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባ አለኝ።

«ወላሂ አንተ ግትር ነህ» አሉ ሸህ ሰይድ። «ራስህን ግደል፤ እኔን ምን አርግ ትላለህ?»

አዲስ አበባ ስንገባ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል።

እሑድ ጠዋት

የልጅቷ አባት የአቶ ተፈራ ሳሎን ገብተን ቆምን፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም። ሸህ ሰይድ ዱአ አድርገው ጥያቄያችንን አቀረቡ። አቶ ተፈራ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐይቅ ምን ያህል ይርቃል? ሸህ ሰይድ በአየር አንድ ሰዓት ማለት ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው።

«ሐይቅ አውሮፕላን አያርፍም። ልጅዎ የምትመላለሰው እኛ በመጣንበት መንገድ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት።»

እናትየው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሸህ ሰይድ እግሬን ረገጡኝ።

«ታላቋን ልጄን የወሰዷት ቅርብ ነው ብለውኝ ነው» አሉ አቶ ተፈራ። «እናቷ ሆስፒታል ስትተኛ አልደረሰችም።»

እሺም እምቢም ሳይሉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አሉን።

ሰኞ፣ ሐይቅ

ሸህ ሰይድ ሲመለሱ በአውሮፕላን ሄዱ። ከቤት እስከ ቤት ስድስት ሰዓት ፈጀባቸው፤ የእኔን ግማሽ። ይህን አልደብቅም። ቀድመው ስለደረሱ ደረጀም ሁሉን ሰምቶ በር ላይ ጠበቀኝ። አበላሸኸው አለኝ። ራቱን ከእኔ ጋር አልበላም።

ይኩረፍ። ልጁን የሚሰጥ አባት የመንገዱን ልክ ማወቅ አለበት። ዛሬ እኛ ያሳጠርነውን መንገድ፣ እናቷ የታመመች ቀን ልጅቷ ብቻዋን እያለቀሰች ትጓዘዋለች።

ለቀጠሮው በአውቶቡስ ሦስት መቀመጫ እይዛለሁ፤ ሦስተኛው የደረጀ ነው። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር ደጅ አይጠናም፤ ደረጀ አዲስ አበባ መናኸሪያ ይጠብቀናል። እስከዚያ ድረስ ግን መንገዱን ተቀምጦ ይየው።