የቁርጥ ሳህን

«የቁርጥ ነው አይደል? ሁሉንም እወስዳለሁ!» አለችኝ አንዲት ሴት፣ ዛሬ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገበያ ላይ።

ዩ ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት አላት። ለሀገሬ ሰው ብዬ በአማርኛ «የቁርጥራጭ እንጨት ሳህን» የሚል ጽሑፍ አቁሜ ነበር። መሐሉን አንዱ ሳህን ጋርዶት «የቁርጥ ሳህን» ብቻ ይነበባል።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ የወለል እንጨት እሸጣለሁ። የሚተርፈኝን የቼሪና የሜፕል እንጨት ቁርጥራጭ በኮላ አጣብቄ፣ ጋራዤ ውስጥ በቶርኖ ማሽን እያዞርኩ የጌጥ ሳህን አደርገዋለሁ።

ባለቤቴ ግን ትላንት ቁርጡን ነገረችኝ፤ «ነገ አንድ እንኳ ካልተሸጠ ማሽኑ ከጋራዡ ይውጣ!»

ዝም ብዬ መሸጥ እችል ነበር። ግን የተታለለ ደንበኛ አይመለስም።

«እመቤት፣ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ሥጋ አይቀርብበትም፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው።»

«ሳህን ግድግዳ ላይ? አንተ ሰውዬ፣ አሜሪካ ምን አደረገችህ!»

ሳቀች። ከዚያ አንዱን አንስታ ቀዩን ቼሪና ነጩን ሜፕል አስተዋለች።

«ቆይ፣ ይሄ እኮ ጮማ ያለው ሥጋ ይመስላል! በቃ እሰቅለዋለሁ፤ ሰው ገና ከበር ሲገባ ምራቁን ይዋጥ።»

አንድም አላስቀረችልኝ!

ወዲያው ከሕዝብ ስልክ ለባለቤቴ ደወልኩ። «እንግዲያው ለሳሎናችንም አንድ አዙርልን» አለች።

ጽሑፉን አላርመውም።

እናንተስ፣ ገዢው በሌላ ስም ጠርቶ ከእናንተ የገዛው ዕቃ አለ? እስቲ አጫውቱኝ።