ፋይሉ አልከፈት ያለ ሰሞን

ቃሊቲ ውስጥ «ፋይል ተከፈተ» የሚባለው ነገር እንደ ዘበት የሚነገር አይደለም። በሌላ ሰፈር ፋይል ማለት መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ካርቶን ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ፋይል የሚከፈተው በሰው ላይ ነው። ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ለጠያቂዎች ሙዝና ሳሙና የምትሸጥ ሴት እንኳ የማን ፋይል እንደተከፈተ፣ የማን እንደተዘጋ፣ የማን ደግሞ ጠፍቶ እንደሚፈለግ ከጠበቃ አስቀድማ ታውቃለች። ኮምፒውተር የሚሉት ዕቃ ወደ ወረዳችን ሲመጣ ይህንኑ ቃል ይዞ መጣ። ሌላ ቃል የፈለገለትም ሰው አልነበረም።

እኔ የወረዳው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሳሪስ አቦ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቤዚክ ኮምፒውተር ተምሬ ስለነበር ባልደረቦቼ «ኮምፒውተሯ» ይሉኝ ጀመር። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲያኝክ እጠራለሁ፤ መብራት ሲጠፋም እጠራለሁ። አንድ ጊዜ የሻይ ማፍያው ተበላሽቶ «እስቲ እዪልን» ተብያለሁ።

አንድ ማክሰኞ ከበላይ በሲዲ አንድ ፋይል መጣ። ውስጡ ያለው የአንድ አዛውንት የምትክ ቦታ ፕላን ነው። ሰውየው ከኮዬ መንደር ወዲህ ሲያርሱት የኖሩት መሬት ለኮንዶሚኒየም ተወስዶባቸው ሴት ልጃቸው ቤት ተጠግተው ነበር። ከሲዲው ጋር የመጣው ማሳሰቢያ አጭር ነው፦ ፕላኑ ታትሞ እስከ ዓርብ ካልፈረሙበት ቦታው ለተጠባባቂ ይተላለፋል። ፋይሉን ሁለቴ ነካሁት። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ብቅ አለ፤ ሰነዱ ወይ ተበላሽቷል ወይ ዓይነቱ አይደገፍም ይላል።

ኃላፊያችንን ጠርቼ አሳየሁት።

«አይደገፍም ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«የሰነድ ማንበቢያችን፣ ሪደሩ፣ አሮጌ ነው። አዲስ ፋይል አይደግፍም።»

«ከበላይ አካል የመጣውን ነው የማይደግፈው?»

«አዎ።»

በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህን ለሌላ ሰው ተናግረሻል?»

ከሰዓት በኋላ ግምገማ ተጠራ። እኔ ሪደሩ ይታደስ አልኩ፤ ሰሚ አላገኘሁም። አንዱ የአንድ ለአምስት ጠርናፊ ተነስቶ ችግሩ የክህሎት ሳይሆን የአመለካከት ነው አለ። ሌላዋ ደግሞ፣ ከእኔ ጋር ምሳ የምትበላዋ፣ ፋይሉን ስከፍት ፊቴ ላይ ተነሳሽነት እንደማይታይ ጠቆመች። ሂሴን ዋጥኩ፤ በዚያ ዘመን ሂስ ያልዋጠ ደመወዝ አይውጥም። በመጨረሻም ፋይሉ በአስቸኳይ እንዲከፈት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤው ላይ ሁላችንም ፈረምን፤ ፋይሉ ግን ውሳኔውን አላከበረም።

ረቡዕ ዕለት ሪደር እንዲገዛልን ጥያቄ ጻፍኩ። የማይገዛ፣ በነጻ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነገር እንደሆነ ብናገርም ያለ ጥያቄ ምንም አይገባም ተባልኩ። ኃላፊያችን ወረቀቱን አይቶ «ሪደር ምንድነው? በአማርኛ ጻፊው እንጂ» ብሎ በእስክሪብቶው ሰረዘና «አንባቢ» አለው። ግዢ ክፍል «አንድ አንባቢ በአስቸኳይ» የሚለውን ሲያይ ወደ ሰው ሀብት መራው። ሰው ሀብትም በመዋቅሩ ላይ አንባቢ የሚባል መደብ እንደሌለ ገልጦ መለሰልን። እውነቱን ነው፤ በዚያ መሥሪያ ቤት የሚያነብ ሰው አላጋጠመኝም።

ሐሙስ ጠዋት አዛውንቱ ዱላቸውን ተደግፈው መጡ።

«አባባ፣ ፋይልዎ አልከፈት ብሎን ነው» አልኳቸው።

ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «እሰይ የኔ ልጅ። ተዪው፣ አይከፈት።»

«ኧረ እኛ እሱን ለመክፈት ነው እንቅልፍ ያጣነው። እስከ ነገ የግድ መከፈት አለበት።»

ፊታቸው ጨው መሰለ። «ምን አጠፋሁ?»

የሰነድ ነገር እንደሆነ፣ ፋይሉ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። እሳቸው ግን «ኮምፒውተር ውስጥም ገብቷል?» ብለው ወገባቸውን እንደያዙ ወጡ። ተከትዬ ብወጣ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ብቻ ነው ያለው።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«ጠበቃ የማቆምበት አቅም የለኝም አሉኝ። መንግሥት ያቆምልዎታል ብዬ አጽናናኋቸው።»

ያኔ ደነገጥኩ። ሽማግሌው ፈርተው ገጠር ወዳለ ዘመድ ቢሄዱ ዓርብ ያልፋል፤ ቦታውም ያልፋል። ምሳዬን ትቼ በሚኒባስ ሳሪስ ሄድኩና አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ አዲሱን ሪደር በፍላሽ ይዤ ተመለስኩ። ፍላሹ ቫይረስ ይዞ ስለነበር የወረዳው ደብዳቤ ሁሉ ከስክሪኑ ላይ ተሰወረ፤ የአዛውንቱ ፋይል ግን ተከፈተ። ኃላፊያችን «አፈጻጸማችን መቶ በመቶ» ብሎ ሪፖርት ላከ። ፕላኑን አተምኩና ጥበቃውን ወደ ልጃቸው ቤት ላክሁት፤ አደራ፣ ቦታዎ ደርሷል በላቸው ብዬ። እሱ ረጅም ንግግር አይወድም። ደጃፉ ላይ ቆሞ «ፋይልዎ ተከፍቷል፣ ነገ ጠዋት ይቅረቡ» ብሎ ተመለሰ።

ዓርብ እኛ ሳንገባ በር ላይ ደርሰዋል። ጋቢ በጋቢ ደርበው ለብሰዋል። በማዳበሪያ ከረጢት በሶና ብርድ ልብስ ይዘዋል። አንድ ኮት የለበሰ ጎረቤታቸው ዋስ ሊሆናቸው የቤቱን ካርታ በላስቲክ ጠቅልሎ አብሯቸው መጥቷል። ልጃቸው ዓይኗ አብጧል።

«መጣሁ። የሸሸ እንዳይባል ብዬ ነው» አሉኝ። «የቀረችኝን ላም ለወንድሜ አደራ ሰጥቻለሁ።»

ነገሩ ሲገባው መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ኃላፊያችን ከቢሮው ወጥቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸውና ወረቀቱን ፊታቸው ዘረጋሁት።

«አባባ፣ እስር አይደለም። የምትክ ቦታዎ ፕላን ነው። እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ በቃ።»

ልጃቸው እልል ልትል ከጅሏት በነጠላዋ አፏን ያዘች። እሳቸው ወረቀቱን አንዴ በቁሙ፣ አንዴ በጎኑ አዩት።

«ስንት ነው?»

«መቶ አምሳ ካሬ።»

ካሬ አልገባቸውም። በመስኮቱ ግቢውን አሳየኋቸው፤ ከባንዲራው እንጨት እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ሽንት ቤቱ። ተነስተው ወጡና በዚያች መሬት ላይ ቀስ ብለው ሄዱ። ጫፍ ላይ ሲደርሱ፣ ጥማድ በሬ እንደሚያዞር ሰው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ሊዞሩ ሲሉ ዱላቸው አጥሩን መታው። ተመልሰው ገቡ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፕላኑ ላይ አሳረፉ።

ጣታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ «ልጄ» አሉኝ፣ «ይግባኝ አለው?»

ኃላፊያችን ሳቁን አቁሞ እኔን አየኝ። እኔ ፕሪንተሩን አየሁ።